ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዲድን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥርስ ስንነቀል የሚያሳስበን ድዱ ነው። ከሥሩ ያለው አጥንት ግን ለመዳን ወራት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ «ይጠቅማል» ተብሎ የሚደረገው ብዙ ነገር ጉዳቱ ያመዝናል።

«ደሙን ቶሎ ቶሎ እየታጠብክ አውጣው።»
ከሁሉም የከፋው ምክር ይሄ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ቆሻሻ አይደለም፤ አጥንቱን ይሸፍናል፣ አዲሱ አጥንትም የሚጀምረው ከእሱ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትጉመጥመጡ፣ በኃይል አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ። ሲጋራማ ጭራሽ አይታሰብም። ደሙ ካላቆመ ንጹሕ ጎዝ ነክሳችሁ ለ30 ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ በመሃል እያወጣችሁ አትዩት። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙ። ጉንጫችሁ ውስጥ ይዛችሁ ጭንቅላታችሁን ወዲያ ወዲህ ዘንበል አድርጉ። ከዚያ ሳትተፉ አፋችሁን ከፍታችሁ እንዲፈስ ልቀቁት።

«በሦስተኛው ቀን ቢብስም ያለ ነው፣ ቻለው።»
የለም። ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል እስከ ጆሮ ድረስ የሚጠዘጥዝ ሕመም ከጀመረና አፍም ከሸተተ፣ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተራቁቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ድራይ ሶኬት ይሉታል። በተለይ የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ያጋጥማል። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ሲያደርግበት በእጅጉ ይቀላል፤ ቤት ተቀምጦ መሰቃየት አያስፈልግም።

«ነጭ ነገር ከታየ መግል ነው።»
ብዙ ጊዜ አይደለም። ነጣ ወይም ቢጫ ያለው ስስ ሽፋን ቁስሉ እየዳነ መሆኑን ያሳያል፤ አትፋቁት። እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ ከጨመረ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካቃተ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ያለ አንቲባዮቲክ አይድንም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ጤነኛ ሰው ለተለመደ መነቀል ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም።

«ድዱ ከገጠመ አለቀ።»
ድዱ በሳምንታት ይገጥማል፤ ጉድጓዱ በአጥንት እስኪሞላ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ሊወስድ ይችላል። ጉድጓዱ ሲሞላ ጥርሱን ይዞ የነበረው የአጥንት ጠርዝ ይሳሳል፣ በተለይ በጉንጭ በኩል። ጥርስ ከሌለ የሚሸከመው ሥራ የለውማ! የካልሲየም ኪኒን ይህን አያስቆመውም። ኢምፕላንት (አጥንቱ ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለማስተከል ካሰባችሁ ከመነቀሉ በፊት ተናገሩ። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥንትን በሚተካ ነገር ሊሞላው ይችላል፤ መሳሳቱን ባያስቀረውም ይቀንሰዋል።

«የጥርስ ሐኪም ስለ ሌላ መድኃኒቴ ምን አገባው?»
በጣም ያገባዋል። ለአጥንት መሳሳት ወይም ወደ አጥንት ለተዛመተ ካንሰር የሚሰጡት አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድና ዴኖሱማብ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ መንጋጋው እንዳይድን ያደርጋሉ። ከመነቀላችሁ በፊት ንገሩት፤ በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቋርጡ። በተለይ ዴኖሱማብን ማቋረጥ የአከርካሪ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል።