ቤት የቀየረች ኤሊ፦ በጎንደር ግቢ ውስጥ አቀባበልና አብሮ መኖር

ከሌላ ቤት ወይም ከቆላ መጥታ አዲስ ግቢ የገባች ኤሊ እንግዳ ናት። እንደ ሰው እንግዳ ግን አይደለችም። ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ከቧት፣ «ተጫወቺ» ተብላ አትለምድም። የምትፈልገው ሙቀት፣ መደበቂያና ዝምታ ነው። ሌላ ኤሊ አትናፍቅም። አብዛኛው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ብቻዋን ናት፣ ታሳዝናለች» እንልና ጓደኛ እናመጣላታለን።

ጎንደር እንስሳ በግቢ ማኖር ብርቋ አይደለም። በፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤቱ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ኤሊ ግን ከአንበሳም ከበግም የተለየ አያያዝ የምትጠይቅ ፍጥረት ናት። ብዙው ሰው ይህንን የሚያውቀው ከታመመች በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

በአገራችን ሰው እጅ የሚገቡት የየብስ ኤሊዎች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ነብርማ ኤሊ ናት። ጀርባዋ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ፣ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው። ሁለተኛዋ ጭኗ ላይ እንደ እሾህ የሾለ ቅርፊት ያላት፣ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሰሐራ ደቡባዊ ጠርዝ የምትኖረው ትልቋ ኤሊ ናት። ከደሴት ኤሊዎች በስተቀር በዓለም ላይ እሷን የሚያህል የየብስ ኤሊ የለም። ወንዱ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊረዝም፣ ከ100 ኪሎ በላይም ሊመዝን ይችላል። ዛሬ በመዳፍ የምትያዘው ትንሽ ኤሊ ነገ አጥር የምትገፋ ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ሁለቱም በደህና ከተያዙ ከ50 ዓመት በላይ ይኖራሉ።

ሕጉን በአጭሩ እናንሳ። የየብስ ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም የተቀላቀለችው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነትም የየብስ ኤሊዎችን በሙሉ ይመለከታል። ስለዚህ ከመንገድ ላይ ኤሊ አንስቶ ወደ ቤት ማምጣት ደግነት አይደለም። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ቀድሞውኑ በሰው እጅ ስላሉና ወደ ዱር መመለስ ስለማይችሉ ኤሊዎች ነው።

የጎንደር ብርድ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኤሊዋ የለመደችው ደግሞ ቆላውን ነው። ከመተማ በኩል ያለውን ሙቀት ያየ ሰው ልዩነቱን አያጣውም። ኤሊ የራሷን ሙቀት ማመንጨት አትችልም። ሰውነቷ የሚሠራው ፀሐይ ስትሞቅ ነው። ሆዷ ምግብ የሚያብላላው፣ ደሟ በሽታ የሚከላከለው፣ እግሯ የሚራመደው በሙቀት ነው። የጎንደር ቀን ፀሐይ ጥሩ ነው፣ ለአጥንቷና ለቅርፊቷም ይጠቅማል። ችግሩ ሌሊቱ ነው፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር። ከሁሉም የሚከፋው ክረምቱ ነው። ብርድ ብቻውን ይቻላል። ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡ ግን የኤሊ ሳንባ አይችለውም።

«ክረምት ላይ ትተኛለች፣ ተዋት» የሚል ምክር ይሰማል። ይህ ለሌሎች አገሮች ኤሊዎች የሚሠራ ነው። የእኛዎቹ ሁለቱም ዓይነቶች የክረምት እንቅልፍ የላቸውም። ሐምሌ ላይ ጥግ ይዛ የማትንቀሳቀስ ኤሊ ተኝታ አይደለም፤ በርዷታል።

ለዚህ ትንሽ የማደሪያ ቤት ያስፈልጋል። ጭቃ ቤት በጣም ጥሩ ነው፣ ሙቀት ይይዛል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ በሩ ዝቅተኛ ይሁን፣ ውስጡ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ። ጭዱ ከረጠበ ይሻግታል፣ ቶሎ ይለወጥ። ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ መጣር ነው። ሙቀት የሚሰጥ አምፖል ካለ ጥሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማስቀመጥ ይረዳል። ከሰል ግን ፈጽሞ አይግባ፣ ጭሱም እሳቱም ይገድላታል። ማታ በሩ መዘጋት አለበት። ጅብ ሌሊት ወደ ከተማ ይዘልቃል። የጅብ መንጋጋ ደግሞ የኤሊ ቅርፊት አይበግረውም። የግቢው ውሻም ቢሆን የዋህ ነው ተብሎ አይታመን። የኤሊ እግር ማኘክ የሚወዱ ውሾች ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ የገባች ኤሊ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለአንድ ሳምንት ያህል ላትበላ ትችላለች። አንገቷን አስገብታ ጥግ ትይዛለች። ወይም ደግሞ አጥሩን ይዛ ቀኑን ሙሉ ትዞራለች፤ መውጫ እየፈለገች ነው። ሁለቱም ይጠበቃሉ። ሰፈርተኛው ልጅ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያነሳትና የሚያገላብጣት ከሆነ ግን ቀናቱ ወደ ሳምንታት ይረዝማሉ። ኤሊ ከመሬት ስትነሳ አውሬ የያዛት ይመስላታል። በድንጋጤ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቃለች። ያ ውሃ ለደረቅ ቀን የቆጠበችው ስንቅ ነው። አለማንሳት ይሻላል።

ለብ ያለ ውሃ በሰፊ ሳፋ ተደርጎ፣ ከአገጯ ሳያልፍ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብትቆም ትጠጣለች፣ ትረጋጋለች፣ ሆዷም ይከፈታል። ሳፋው ለእሷ ብቻ ይሁን። ኤሊዎች ጤነኛ ሆነው ሳለ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊሸከሙ ይችላሉ። የነካ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ነው የሚመረጠው።

አጥሩ የማያሳይ ይሁን። ኤሊ በሽቦ ውስጥ ማዶውን ካየች መንገድ ያለ ይመስላትና አፍንጫዋ እስኪቆስል ትገፋለች። የጎንደር የድንጋይ አጥር ለዚህ ተስማሚ ነው። እንዳትጠፋ ቅርፊቷን በስቶ በገመድ ማሰር ጭካኔ ነው። ቅርፊቱ ጥፍር ወይም ልብስ አይደለም። ከጎድን አጥንቷና ከጀርባ አጥንቷ ጋር የተዋሐደ፣ ነርቭ ያለው ሕያው አጥንት ነው። ሲበሳ ያማታል። ቀለም መቀባትም ይቅር።

ግቢው ውስጥ ሌላ ኤሊ ካለ አዲሷ ቢያንስ ለ3 ወር ለብቻዋ ትቆይ። 6 ወር ቢሆን ደግሞ የተሻለ። በኮሮና ጊዜ ሁላችንም የለመድናት «ለይቶ ማቆያ» ማለት ናት። ምክንያቱም ያው ነው። ጤነኛ የምትመስል ኤሊ የመተንፈሻ አካል በሽታ፣ የሄርፐስ ቫይረስ ወይም የሆድ ትል ይዛ ሊሆን ይችላል። የተለያየ ሳፋ፣ የተለያየ የምግብ ቦታ፣ ከነባሯ በኋላ አዲሷን መንከባከብ፣ በመሐል እጅ መታጠብ። ሁለቱ የኤሊ ዓይነቶች ደግሞ ለዘለቄታውም መቀላቀል የለባቸውም። አንዷን የማይጎዳ ተውሳክ ሌላዋን ሊገድል ይችላል፣ በጉልበትም አይመጣጠኑም።

ጸጥታ ሁሉ ሰላም አይደለም

ስለ አብሮ መኖር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኤሊ በመንጋ የምትኖር እንስሳ አለመሆኗ ነው። ብቻዋን ያለች ኤሊ የጎደላት ነገር የለም። ሁለት ኤሊ በአንድ ትንሽ ግቢ ማኖር ደግሞ ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው። አንዷ ገዢ፣ ሌላዋ ተገዢ ትሆናለች። መሸሻ የላትም፣ ግልምጫውን የሚጋራት ሦስተኛም የለም።

ሁለት ወንዶች ከሆኑ ነገሩ በግልጽ ይታያል። ይጋጫሉ፣ ይነካከሳሉ። አንዱ ከአንገቱ ሥር ወደፊት የወጣውን አጥንት ከሌላው ሥር አስገብቶ ይገለብጠዋል። የተገለበጠ ኤሊ ፀሐይ ላይ ከቆየ ይሞታል። ሳንባው ከጀርባው በኩል ስለሆነ በጀርባው ሲወድቅ የሆድ ዕቃው ሁሉ ይጫነዋል። ሁለት ወንድ በአንድ ግቢ አይሆንም፣ በቃ።

ሴቶች ሲሆኑ ወይም ወንዱ ኃይለኛ ካልሆነ ጭቆናው ድምፅ የለውም። አንዷ ሌላዋን ቀስ ብላ ትከተላለች። መንገዷን ትዘጋለች። የምትበላው ላይ ትቆማለች። ላይዋ ላይ ትወጣና ትተኛለች። ሰው ይህን አይቶ «እንዴት ይዋደዳሉ!» ይላል፣ ፎቶም ያነሳል። ፍቅር አይደለም። የሞቀውን ቦታና ምግቡን መያዝ ነው። የተጨቆነችው ሳትጮህ፣ ሳትደማ፣ መብላት ትቀንሳለች፣ ትከሳለች፣ ትታመማለች።

ጎንደር ላይ ይህ ይበልጥ አሳሳች ይሆናል። የበረዳት ኤሊ አትጣላም። ክረምት ላይ የተቀላቀሉ ሁለት ኤሊዎች ጎን ለጎን ዝም ብለው ሲያዩአቸው የተስማሙ ይመስላሉ። የካቲትና መጋቢት ሲሞቅ ነው እውነተኛ ጠባያቸው የሚወጣው። ስለዚህ ማስተዋወቅ በብርድ ወራት አይደረግም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሐምሌ ላይ የመጣች ኤሊ ሦስት ወሯን ስትጨርስ ጥቅምት ይሆናል፣ ፀሐዩም ይወጣል። ያን ጊዜ ይሻላል።

ቁጥሩና ጾታውም ወሳኝ ነው። አንድ ወንድ ካለ ቢያንስ ሦስት ሴት ቢኖሩ ያለማቋረጥ አንዷን ብቻ አያስጨንቅም። ሴቶች ብቻ ከሆኑና ቦታው ሰፊ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። የወንዱ የሆድ ቅርፊት ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ጅራቱም ረዘም ይላል። በትንሽነታቸው ግን መለየት አይቻልም። «እህትማማቾች» ተብለው የተሰጡ ሁለት ትንንሽ ኤሊዎች ከዓመታት በኋላ ሁለት ጎረምሶች ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያን ቀን ግቢውን ለሁለት የመክፈል ዝግጅት ከአሁኑ ይኑር።

ለትውውቁ ከረፋዱ 4 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ሞቆ ሁለቱም ከነቁ በኋላ ጥሩ ጊዜ ነው። የሚገናኙት የነባሯ ባልሆነ ቦታ ይሁን። ሌላ ቦታ ከሌለ ድንጋዩን፣ ግንዱን፣ የምግቡን ቦታ ሁሉ አዘዋውሮ ግቢውን ለነባሯም አዲስ ማድረግ ይቻላል። እርስ በርስ እንዳይተያዩ የሚከልል ነገር ይብዛ፤ ቁጥቋጦ፣ ትልልቅ ድንጋይ፣ የአፈር ጉብታ። የምትሸሽ ኤሊ ከዓይን ከተሰወረች አብዛኛው ጠብ እዚያው ይበርዳል። መደበቂያው ከኤሊዎቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ምግቡም በአንድ ሳህን አይቅረብ፣ በተራራቀ ቦታ ይበተን። መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት፣ ሰው እያየ። ከዚያ ቀስ በቀስ ይረዝማል።

መሽተትና አንዴ ሁለቴ መገፋፋት አያስደነግጥም። ማሳደዱ ካልቆመ፣ እግርና አንገት መንከስ ካለ፣ ወይም አንዷ ቀኑን ሙሉ ከተደበቀች መለየት ነው። በየሳምንቱ መመዘን ከዓይን ይበልጣል። ክብደቷ ሳምንት በሳምንት የሚወርድ ኤሊ ብትስቅልንም አብራ መኖር አልቻለችም። ለዘለቄታው ለያይቶ ማኖር ሽንፈት አይደለም። እንደ እኔ እምነት በአብዛኛው የከተማ ግቢ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው።

ምግብና ሕክምና

ምግቧ በብዛት ሳር ነው። ሰርዶ፣ ማገጥ፣ መድኃኒት ያልተረጨ የጽጌረዳ ቅጠልና አበባ፣ እሾሁ የተነሳለት የበለስ ቅጠል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቁልቋል ሲባል ሁለት ነው። በለስ የሚያፈራው ይበላል፣ ነጭ ወተት የሚያወጣው የአጥር ቁልቋል ግን አፏንም ዓይኗንም ያቃጥላል። ቅንጭብ፣ ጉሎ፣ አስተናግርና የወፍ ቆሎም ከግቢው ይነቀሉ። ጎመን አልፎ አልፎ ምንም አይልም፣ ቆስጣ ግን ይቀነስ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወጥና ሥጋ አይሰጥም። ሆዷ ሻካራ ሳርን ቀስ ብሎ ለማብላላት የተሠራ ነው። የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ምግቧ ላይ መነስነስ ለካልሲየም ይረዳል።

ከአፍንጫዋ አረፋ ወይም ንፍጥ ከወጣ፣ አንገቷን ዘርግታ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ኤሊ እንደ እኛ ስላ አክታ ማውጣት አትችልም፣ ስለዚህ አይጠበቅም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ መሆኑ ለአሳዳጊዎች ዕድል ነው። አንድ ነገር ግን ለማንኛውም ሐኪም ቀድሞ መነገር አለበት፤ ለከብትና ለበግ የሚሰጠው አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል። ቤት ውስጥ ከበጎቹ የተረፈ መድኃኒት ካለ በጭራሽ አይሰጣት።

አሳዳጊው ሊያኖራት ካልቻለ ወደ አንገረብ ወንዝ ዳር ወስዶ መልቀቅ መፍትሔ አይሆንም። ብርዱ ይገድላታል፣ የያዘችውን በሽታም ታዛምታለች። ለሌላ ሰው ከመስጠት በፊት ለዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊዎች ማሳወቅ ይገባል። ስትሄድም አንድ ወረቀት አብሯት ይሂድ። የመጨረሻ ክብደቷ፣ የምትበላው የሳር ዓይነት፣ ታማ ታውቅ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደኖረችና ማንን እንደነከሰች ይጻፍበት። አዲሱ አሳዳጊ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ያንኑ ሳር ካቀረበላት ቶሎ መብላት ትጀምራለች።