በደም ዝውውር ማነስ የሚመጣ የእግር ሕመምና አያያዙ

ወደ እግር የሚወርዱት ደም ወሳጅ ቧንቧዎች በግድግዳቸው ላይ ስብ እየተጋገረ ሲጠብቡ፣ ጡንቻው በዕረፍት ጊዜ የሚበቃውን ደም ቢያገኝም በእርምጃ ጊዜ ግን ይጎድልበታል። ስለዚህ ታማሚው ጥቂት መንገድ እንደሄደ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ ቆም ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ጥበቱ ሲብስ ሕመሙ ወደ መርገጫና ወደ ጣቶች ወርዶ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ያን ጊዜ እግርን ከአልጋ ቁልቁል ማንጠልጠል ጥቂት ያሳርፋል። ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መብዛት ዋነኞቹ መንስኤዎች ናቸው።

ምርመራው ቀላል ነው፤ በቁርጭምጭሚት የተለካው የደም ግፊት በክንድ ለተለካው ሲካፈል ውጤቱ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው መጥበቡን ያመለክታል። በስኳር ሕሙማን ዘንድ ግን ቧንቧው ስለሚደድር ልኬቱ ከእውነተኛው በላይ ሊታይ ስለሚችል፣ የእግር ጣት ግፊትም ይለካል።

ብዙዎች የሚያመውን እግር ማሳረፍ ይመርጣሉ፤ በእርምጃ ጊዜ ብቻ ለሚሰማው ሕመም ግን ቀዳሚው ሕክምና ራሱ እርምጃው ነው። ታማሚው በሐኪም ምክር ሕመሙ መካከለኛ እስኪሆን ይሄዳል፣ እስኪለቀው ያርፋል፣ እንደገና ይነሣል፤ ይህንንም በሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንታት ያህል ሲያዘወትር ያለ ሕመም የሚሄድበት ርቀት ይጨምራል። ቁስል ያለበት ወይም ዐርፎም የሚያመው ሰው ግን አስቀድሞ መታየት አለበት። ሲጋራ ማቆም፣ እንደ አስፒሪን ያለ የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒትና ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ስታቲን ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ።

በቤታችን የተለመደው እግርን በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍና እሳት ዳር ማሞቅ እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ በተለይ ስኳር ያለበት እግር ሙቀቱን ሳይለይ ይቃጠላል፣ ደም የማይደርሰው ቁስልም አይድንም። ጠበቅ ያለ ካልሲም ለደም መልስ (ደምን ወደ ልብ ለሚመልሱት ቧንቧዎች) ሕመም የሚረዳውን ያህል እዚህ ሊጎዳ ይችላል። እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣና ከደነዘዘ የሰዓታት ጉዳይ ነውና ያለ መዘግየት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

የጠበበውን ቧንቧ በቀጭን ቱቦ ከውስጥ የማስፋት ሕክምና የተጀመረው በዚሁ በእግር ነው። በጥር 1964 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ቻርልስ ዶተር በአሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ፖርትላንድ፣ የእግር ጣቶቻቸው የበሰበሱባቸውንና መቆረጥን አሻፈረኝ ያሉትን የ82 ዓመት አዛውንት በዚህ መንገድ አከመ፤ እግራቸውም ከመቆረጥ ተረፈ።