አሮጌ ናፍጣ መኪና ነዳጅ ሲቸግረው

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ብልጭታ አይፈልግም። አየሩን አምቆ ያግለዋል፣ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ይረጭበታል፣ በቃ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ነዳጁ በልኩና በሰዓቱ ካልደረሰ ሞተሩ ምንም ቢደረግ አይሠራም።

እዚህ የምናወራው ኮምፒውተር ስለማያውቃቸው የድሮ ሞተሮች ነው። ቦሽ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን ሜካኒካል የመርጫ ፓምፕ በብዛት ማምረት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ነበር። በ1936 ደግሞ መርሴዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለውን የናፍጣ የቤት መኪና አወጣ። በ1997 ኮመን ሬይል የሚባለው፣ ነዳጁ በጋራ ቧንቧ ተጠራቅሞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት ሥርዓት ወደ ቤት መኪኖች እስኪገባ ድረስ ነገሩ በመሠረቱ ብዙም አልተለወጠም።

የነዳጁ መንገድ ቀላል ነው። ከታንኩ ተነስቶ በቧንቧ ይመጣል፤ በፊልትሮ ያልፋል፤ ወደ ዋናው ፓምፕ ይገባል። ፓምፑ በከፍተኛ ግፊት ወደ ኢንጀክተሮቹ፣ ማለትም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት አፍንጫዎች፣ ይልከዋል። የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይመለሳል። አንዳንዱ መኪና ነዳጁን ከታንክ የሚስብ ሌላ ትንሽ ፓምፕ አለው። አንዳንዱ ደግሞ የለውም፤ ዋናው ፓምፕ ራሱ ይስባል።

መኪናው አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ዋናውን ፓምፕ ነው። ምስኪኑ ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው በሌላው ጥፋት ነው። ውድ ስለሆነ ይሆናል ቀድሞ የሚታሰበው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከፓምፑ በፊት፣ ነዳጁ በሚሳብበት በኩል ነው፤ ያውም አየር ነው።

ይህ ሰውን የሚያደናግረው ወዶ አይደለም። በመሳቢያው በኩል ያለው ግፊት ከውጪው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ ቱቦው ቢሰነጠቅ ናፍጣ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ሁሉም ነገር ደረቅና ንጹሕ ይመስላል። መኪናው ሲያድር ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር፣ ሲዞር ይቆይና በመከራ ይነሳል፤ ትንሽ ይንተፋተፋል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ታንኩ ከኋላ ከሆነና መኪናው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለት አድርጎ ሲያድር ቶሎ የሚነሳ ከሆነ፣ አየር ስለመግባቱ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ማረጋገጫው አጭር ግልጽ ቱቦ ነው። ናፍጣ የሚችል ይሁን። ከፓምፑ መግቢያ በፊት ይገጠምና ሞተሩ ሲሠራ ይታያል። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት አረፋ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ይጠፋል። ሳያቋርጥ የሚመጣ ከሆነ ግን አየር የሚገባበት ቦታ አለ። የፊልትሮው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው)፣ በእጅ የሚጨመቀው ፓምፕ፣ የደረቁ የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎቻቸው መጀመሪያ ይታዩ። በኢንጀክተሮቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎችም አይረሱ።

ሌላው ችግር መዘጋት ነው። መኪናው በሜዳ ደህና ሄዶ ዳገት ላይ ጉልበት ካጣ ፊልትሮው ይጠርጠር። ቆሞ ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደገና ደህና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ያለው ወንፊት በቆሻሻ እየታፈነ ሊሆን ይችላል፤ መሳቡ ሲቆም ቆሻሻው ይረግፋል። የታንኩ ክዳን ሲከፈት አየር በኃይል ሽው ብሎ ከገባም መተንፈሻው ተዘግቷል ማለት ነው። ውኃ የገባበት ናፍጣ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ጥቁር ዝቃጭ ይሠራሉ። በብርድ ደግሞ ናፍጣው ራሱ እንደ ሰም ረግቶ ፊልትሮውን ይደፍናል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ የጀሪካኑ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የፓምፑ መግቢያና መመለሻ ቱቦ ሁለቱም እዚያው ይገባሉ። ሞተሩ ተነስቶ በደንብ ከሠራ ፓምፑ ነጻ ወጣ፤ ጥፋቱ ከእሱ በፊት፣ በታንኩ በኩል ነው።

ጭሱም ይናገራል። ሞተሪኖው እየዞረ ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም። ነጭ ጭስ ካለ ደርሷል፣ ግን አልነደደም፤ ያኔ ሞተሩ ሲነሳ ውስጡን የሚያግሉት ማሞቂያ ሻማዎችና የአየሩ እመቃ ይታዩ። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ብዙዎቹ ፓምፖች ላይ ነዳጅ የሚዘጋ ትንሽ ሶሌኖይድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መዝጊያ፣ አለ። ቁልፉ ሲከፈት ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ 12 ቮልት መድረሱ ይለካ።

ጥገናው ሲያልቅ አየሩ መውጣት አለበት። ፊልትሮው ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን ላላ ይደረግና አረፋው እስኪያልቅ በእጅ ይጨመቃል። ከዚያ የኢንጀክተሮቹ ቧንቧ ማሰሪያዎች በትንሹ ይላላሉ፤ ሞተሪኖው እያረፈ ለአጭር ለአጭር ጊዜ ይዞራል፤ ናፍጣው ሲወጣ ተመልሰው ይታሰራሉ። እጅ ግን አይቅረብ። ኢንጀክተር የሚከፈተው ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ነው፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ ነጥብ ቢያክልም ወዲያው ሐኪም ቤት ያስኬዳል። በኮመን ሬይል መኪና ላይ ይህ ፈጽሞ አይሞከርም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ፣ አሁን ፓምፑ ተራው ነው። ሞተሩ ሲግል ብቻ አልነሳ የሚል ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ይደረግ። ሲቀዘቅዝ ከተነሳ ውስጡ የመበላቱ ጥርጣሬ ይጠነክራል፤ የሞቀው ናፍጣ ቀጥኖ በተበላው ክፍተት ያመልጣልና። ከውጭ ብቻ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጎሚኒዎቹ ናቸው የደረቁት። ውስጡ የተበላው ወጥቶ በመለኪያ ማሽን ላይ ይስተካከላል፤ ቤት ውስጥ በካቻቢቴ የሚነካካ ነገር አይደለም።