ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ነቀዝ፦ የሚባለውና እውነታው

ደሴ ሰኞ ገበያ ጦስኝ ወይም ጤና አዳም ስትገዙ ምክሩ በምርቃት ይመጣል። ነቀዝ ያጠፋል፣ ጀርም ይገድላል፣ ጉዳት የለውም ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ግን እህል ያስበላል፣ ልጅም ያሳምማል።

«ቅጠሉን ቀቅሎ መርጨት ዘይቱን እንደ መርጨት ነው።»
አይደለም። መዓዛማው ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ክዳን በሌለው ድስት ሲፈላ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ቤቱን የሚያውደው እሱ ነው። ዘይቱን ለማግኘት እንፋሎቱን በቱቦ አሳልፎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። አረቄ የሚያወጣ ሰው ዘዴውን ያውቀዋል።

«ጆንያ ውስጥ ቅጠል ከጨመሩ ነቀዝ አይነካውም።»
ሽታው ነቀዝን ያባርራል፤ በደንብ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ዘይቱ ሊገድለውም ይችላል። ችግሩ ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። እናቲቱ ነቀዝ ስንዴውን ወይም በቆሎውን በስታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ውስጡን እየበላ ያድጋል። ፍሬው ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። እፍኝ ስንዴ ውሃ ውስጥ ጨምሩና እዩ፤ የተቦረቦረው ይንሳፈፋል። ጆንያ ደግሞ አየር ያሳልፋል፤ ሽታው ሲያልቅ ኃይሉም ያልቃል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ ዘይቱ ቶሎ ይተናል፣ ነቀዙም ቶሎ ይራባል። ስለዚህ መጀመሪያ እህሉን አድርቁት። ከዚያ አየር በማያስገባ ከረጢት አጥብቃችሁ እሰሩት። ቅጠሉ አጋዥ ነው።

«ጀርም ስለሚገድል ሥጋ ከመበላሸት ያድናል።»
ጦስኝ ውስጥ የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ። ይህ በላብራቶሪ የታየ ነው። ሥጋ ላይ ግን ስቡና ፕሮቲኑ ኃይሉን ይቀንሱታል። መጠኑን ልጨምር ካላችሁ ደግሞ ሥጋው አይበላም።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም።»
በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሕፃን ልጅ የባሕር ዛፍ ዘይት በሻይ ማንኪያ እንኳ ቢጠጣ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጠርሙሱን ከለስላሳ ጠርሙስ ጋር አታስቀምጡ። የጤና አዳም ጭማቂ የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥር ይችላል።

«ጠጅ ሳር የተቀባ ሰው አጎበር አያስፈልገውም።»
የጠጅ ሳር ዘይት ትንኝን የሚከላከለው ለአጭር ጊዜ ነው። የወባ ትንኝ ደግሞ ሌሊትም ትናከሳለች። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያላችሁ፣ አጎበራችሁን ዘርግታችሁ ተኙ።