ሳማና ሚዶ፦ የቀይ ባሕር ኮራሎች፣ ጄሊፊሾችና ኮምብ ጄሊዎች

የምጽዋ የድሮ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው። የድሮዋ ጂዳና የሱዳኗ ሰዋኪንም እንዲሁ። ልስኑ በተነሳበት ቦታ ድንጋዩን ጠጋ ብለው ቢያዩት ኮከብ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሞልተውበታል። እያንዳንዷ ጉድጓድ በአንድ ወቅት የአንዲት እንስሳ ቤት ነበረች።

እንስሳዋ ፖሊፕ ትባላለች። ለስላሳ ከረጢት ናት፤ አፏን ቀጫጭን እጆች ከበውታል። ከባሕሩ ካልሲየም እየወሰደች ከሥሯ ድንጋይ ትሠራለች። በሺዎች ተያይዘው ስለሚኖሩ ነው ኮራል ተክል ወይም ድንጋይ እየመሰለ ሰው የሚያሳስተው። ምግቧ በአብዛኛው የሚመጣው ሰውነቷ ውስጥ ከሚኖሩ፣ በዓይን ከማይታዩ አልጌዎች ነው። እነሱ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ሠርተው ያካፍሏታል። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ግን አልጌዎቹን ታስወጣለች፤ ኮራሉም ነጭ ይሆናል። ሙቀቱ ከሰነበተ በረሃብ ትሞታለች።

ቀይ ባሕር ውስጥ ከ300 በላይ ድንጋይ ሠሪ የኮራል ዝርያዎች አሉ። በሰሜን ጫፍ፣ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ሙቀት በመቻል ይታወቃሉ። ሳይንቲስቶች ምክንያቱን እንዲህ ያስረዱታል፦ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሎቹ ከሕንድ ውቅያኖስ በባብ ኤል መንደብ በኩል ገቡ። የደቡቡ ውሃ በጣም ሞቃት ነው። እሱን የቻሉት ብቻ ወደ ሰሜን ዘለቁ፤ ቀዝቀዝ ባለው ውሃ እየኖሩም ያን ጉልበት አልጣሉትም። ሙቀት ቻሉ ማለት ግን ፍሳሽና የመርከብ መልሕቅ ይችላሉ ማለት አይደለም። ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው ለስላሳው ጄሊፊሽ ደግሞ የኮራል የሥጋ ዘመድ ነው። ሁለቱም ኒዳሪያ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ቃሉ የመጣው ከግሪክኛው የሳማ ስም ነው። ልክ የሆነ ስም ነው። ቆዳቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ የተጠቀለለ ክር አለ። ሲነኩት ተስፈንጥሮ መርዝ ይወጋል። ሳማ የለበለበው ልጅ ስሜቱን ያውቀዋል። የተለበለበ ሰው ቁስሉን በዚያው በባሕሩ ውሃ ማጠብ አለበት። የቧንቧ ውሃ ገና ያልተተኮሱትን ክሮች ያስፈነጥራቸዋል።

ከጄሊፊሾች ሁሉ እኔ የምወዳት ካሲዮፔያን ነው። ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ውሃ ተገልብጣ፣ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትተኛለች። እሷም እንደ ኮራል አልጌ ታኖራለች፤ ፀሐይ የምትሞቀው ለነሱ ብላ ነው። የቀይ ባሕሯን ካሲዮፔያ ለሳይንስ ያስተዋወቃት ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔተር ፎርስካል ነው። እሱ በ1763 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ በሕመም ሞተ፤ ጽሑፉ የታተመው በ1775 ነው። አንጎል የሌላት ይህች እንስሳ ማታ ማታ እንደምታንቀላፋ በ2017 እ.ኤ.አ. ታወቀ።

ሌላዋ ሮፒሌማ ኖማዲካ ናት፤ በስዊዝ ቦይ አልፋ ሜዲትራኒያን የገባች ስደተኛ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚያ ትታያለች። በእስራኤል ከተሞች አሽዶድና አሽቀሎን የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቋታል። በበጋ በመንጋ መጥታ ዋናተኛውን ከባሕር ታስወጣለች፤ የኃይል ማመንጫዎችን የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያም ትደፍናለች።

ኮምብ ጄሊ ጄሊፊሽ ይመስላል እንጂ ወገኑ ሌላ ነው። አይለበልብም፤ አብዛኛው የሚያድነው በሚያጣብቅ ሙጫ ነው። ሰውነቱ ላይ ስምንት ረድፍ ሚዶ አለው። የሚዶው ጥርሶች ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው፤ የሚቀዝፈው በነሱ ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው የቀስተ ደመና ቀለም በረድፎቹ ላይ ይሮጣል። ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ኔሚዮፕሲስ የሚባለው ዝርያ ግን በ1980ዎቹ መርከቦች ለሚዛን በሚጭኑት ውሃ ከአሜሪካ ዳርቻ ጥቁር ባሕር ገባ፤ የዓሣውን ምግብም ዕንቁላሉንም እየበላ አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ አጥማጆች ባዶ እጃቸውን አስቀረ። በ1997 እ.ኤ.አ. ቤሮዬ የተባለ ሌላ ኮምብ ጄሊ መጣና እሱን ይበላው ጀመር።

ቀይ ባሕር ውስጥ ደግሞ ለስላሳ ኮራል ላይ ተለጥፎ የሚኖር ኮምብ ጄሊ አለ፤ ሴሎፕላና ይባላል። ልጅ ሳለ ስምንቱን ሚዶ ይዞ ይዋኛል። ሲያድግ ሚዶውን ይጥልና ዝርግ ይሆናል። ቀለሙ ኮራሉን ስለሚመስል ጠላቂ ዋናተኛ አጠገቡ ደርሶ ላያየው ይችላል። የሚያስታውቀው ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ክሮቹን ለውሃው ሞገድ ሲለቅ ነው።