በፕሌስክ ላይ የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራምን መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ በራሳቸው ዶሜይን የሚጻጻፉ ቡና ላኪዎች፣ ሆቴሎች እና የግል ኮሌጆች አሉ። የእነዚህን ድርጅቶች ሰርቨር የምንከታተል ሰዎች፣ ሰርቨርን በድር ገጽ ለማስተዳደር በሚያገለግለው በፕሌስክ መቆጣጠሪያ ፓነል ላይ ለዓመታት ያገለገለውን ኪውሜይል የተባለ የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ፖስትፊክስ በተባለው ሌላ ፕሮግራም እንተካ ብለን ሐሳብ ስናቀርብ፣ ከደንበኞችም ከሥራ ባልደረቦችም የምንሰማቸው ስጋቶች እና ተስፋዎች ተመሳሳይ ናቸው። ብዙዎቹ ከእውነታው የራቁ ከመሆናቸውም በላይ፣ ሰው የማያሰጋውን እንዲፈራ፣ የሚያሰጋውን ግን እንዳያይ ስለሚያደርጉ አንድ በአንድ መመርመር አለባቸው።

«ፕሮግራሙ ሲቀየር የቆዩት መልእክቶች ይጠፋሉ»

ይህ ከሁሉም በፊት የሚነሳ ስጋት ሲሆን፣ ምንጩ የኢሜይል ሰርቨርን አንድ ፕሮግራም ብቻ አድርጎ ማሰብ ነው። ሥራው ግን የተከፋፈለ ነው። ከሌላ ሰርቨር የሚመጣውን መልእክት የሚቀበለው፣ የሚወጣውንም የሚልከው ኪውሜይል ወይም ፖስትፊክስ ነው፤ የተቀመጠውን መልእክት ለስልክ እና ለኮምፒውተር የሚያቀርበው ደግሞ ኩሪየር ወይም ደቭኮት የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። መልእክቶቹ ራሳቸው ሜይልዲር በሚባለው አቀማመጥ፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ፋይል ሆኖ፣ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ። ላኪውና ተቀባዩ ፕሮግራም ሲቀየር እነዚህ ፋይሎች ከቦታቸው አይነሱም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። ፕሌስክ የመልእክት ሳጥኖቹን የሚያስቀምጠው «ቫር» ሥር ባለው «ኪውሜይል» በተባለ ፎልደር ውስጥ፣ «ሜይልኔምስ» በሚል ስም ነው፤ ፖስትፊክስ ከተጫነ በኋላም ቦታውም ስሙም እንዳለ ይቀጥላል። ኪውሜይል ተነቅሏል ብሎ ፎልደሩን እንደ ቅሪት ቆጥሮ የሚሰርዝ ሰው የድርጅቱን ደብዳቤ በሙሉ በገዛ እጁ ያጠፋል። ከዝውውሩ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ዓይነቱ ጽዳት ነው።

«ባክአፕ እስካለን ድረስ የሚቀርብን ነገር የለም»

የፓነሉ ባክአፕ የመልእክት ሳጥኖችን እና ቅንብሮችን ይይዛል፤ በወረፋ ላይ ያሉትን መልእክቶች ግን አይዝም። በዝውውር ጊዜ በእርግጥ ሊጠፋ የሚችለው ደግሞ ይህ ወረፋ ነው። የተቀባዩ ሰርቨር ለጊዜው አልመልስ ያለው ወይም በኋላ ሞክር የተባለ መልእክት በላኪው ሰርቨር ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ሁለቱ ፕሮግራሞች ወረፋቸውን የሚያስቀምጡበት ቦታም አቀራረቡም ፈጽሞ ስለሚለያይ፣ ፖስትፊክስ ኪውሜይል የተወውን ወረፋ ማንበብ አይችልም። ኪውሜይል በነባሪ ቅንብሩ ያልተላከን መልእክት እስከ 7 ቀን፣ ፖስትፊክስ ደግሞ እስከ 5 ቀን ይዞ ይሞክራል፤ እንግዲህ የሳምንት ሙሉ ደብዳቤ እዚያ ተከማችቶ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ላኪው «ልኬያለሁ» ብሎ ያስባል፤ ተቀባዩ አልደረሰውም፤ መልእክቱ ተመላሽ መሆኑን የሚነግር ማስታወቂያም አይመጣም፤ ምክንያቱም ማስታወቂያውን ሊጽፍ የሚገባው ፕሮግራም ተነቅሏል።

ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት በፓነሉ የኢሜይል ሰርቨር ቅንብር ውስጥ የሚገኘውን የወረፋ ገጽ መክፈት፣ አዲስ መልእክት መቀበልን አቁሞ መላኩ ብቻ እንዲቀጥል ማድረግ እና ወረፋው እስኪቀንስ መጠበቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ አድራሻቸው የተሳሳተ ወይም የስፓም ተመላሾች ናቸው፤ ቢሆንም የእያንዳንዱን ላኪ እና ተቀባይ አንብቦ፣ የደንበኛ ደብዳቤ ካለ ባለቤቱ እንደገና እንዲልከው መንገር ይገባል።

«በዝውውሩ ሰዓት የሚላክልን ኢሜይል ይቀርብናል»

ሰርቨራችንን ያላገኘ የላኪ ሰርቨር መልእክቱን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበት የኤስኤምቲፒ ደንብም ላኪው ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን መሞከር እንዳለበት ይመክራል። የግማሽ ሰዓት መቋረጥ የሚያስከትለው መዘግየት ብቻ ነው። ጉዳት የሚመጣው ሰርቨሩ ከተዘጋ ሳይሆን በግማሽ ልብ ከሠራ ነው፦ ፖስትፊክስ ተነስቶ የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር ገና ሳይይዝ ከቀረ፣ ለሚመጣው ሁሉ በ5 የሚጀምር የመልስ ቁጥር፣ ማለትም «እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል የማያዳግም መልስ ይሰጣል፤ ላኪውም ያንን አምኖ ደብዳቤውን ወዲያው ይመልሰዋል። ስለሆነም ሁሉም ነገር እስኪረጋገጥ 25 ቁጥር ፖርትን፣ ማለትም ከሌሎች ሰርቨሮች ኢሜይል የሚገባበትን በር፣ በፋየርዎል ከውጭ መዝጋት ከፍቶ ከመተው እጅግ ይሻላል።

«ሁለቱንም ጭነን እናወዳድር»

በአንድ አድራሻ 25 ቁጥር ፖርት ላይ ማዳመጥ የሚችለው አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ፣ ፕሌስክ አንዱ ሲጫን ሌላውን ይነቅላል። ሲፓነል በተባለው ሌላ መቆጣጠሪያ ፓነል ላይ ደግሞ ምርጫው ራሱ የለም፤ የሚሠራው ኤግዚም የተባለ የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ብቻ ነው።

«ዲኤንኤስ ይቀየራል፣ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩን እንደገና ያስተካክላል»

የሰርቨሩ አድራሻ እስካልተቀየረ ድረስ የዶሜይን ስሞችን ከሰርቨር አድራሻዎች ጋር በሚያገናኘው ዲኤንኤስ ውስጥ፣ የዶሜይኑ ኢሜይል ወደየትኛው ሰርቨር እንደሚሄድ የሚያመለክተውን የኤምኤክስ መዝገብ መንካት አያስፈልግም። የይለፍ ቃሎቹም በፕሌስክ ዳታቤዝ ውስጥ ስላሉ እንዳሉ ይቆያሉ።

ነገሩ የሚከብደው በዚያው አጋጣሚ ኩሪየርም በደቭኮት እንዲተካ ሲወሰን ነው። ደብዳቤን ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተር በሚያወርደው ፖፕ3 የተባለ ዘዴ የሚጠቀም ፕሮግራም የትኛውን ደብዳቤ ከዚህ ቀደም እንዳወረደ የሚያውቀው ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ በሚሰጠው መለያ ነው፤ መለያዎቹ በትክክል ካልተሸጋገሩ ሁሉም ደብዳቤ አዲስ ሆኖ ይታየዋል። ቅጂውን ሰርቨሩ ላይ እየተወ ለዓመታት በአውትሉክ ሲሠራ የኖረ የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ቢሮ ሲገባ፣ ያን ሁሉ ደብዳቤ ከነአባሪው በሞባይል ዳታ እንደገና ሲያወርድ ያገኘዋል። ደብዳቤውን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በሚያሳየው አይማፕ በተባለ ዘዴ በሚጠቀሙት ላይ ደግሞ አንዳንድ ፎልደሮች ከዓይን ሊሰወሩ ይችላሉ፤ ኩሪየር እና ደቭኮት የተመዘገቡ ፎልደሮችን ዝርዝር የሚጽፉት በተለያየ ፋይል ነው። ፎልደሩ ዲስክ ላይ አለ፤ ተጠቃሚው እንደገና ሲመዘግበው ይታያል። ሁለቱን ለውጦች በአንድ ቀን ማድረግን አልደግፍም፤ ችግር ሲፈጠር ምክንያቱ ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልምና።

«ፖስትፊክስ ከገባ ደብዳቤያችን ስፓም ውስጥ መውደቁ ይቀራል»

ይህ ተስፋ ብዙ ሰው ለዝውውሩ የሚያቀርበው ዋና ምክንያት በመሆኑ በግልጽ መመለስ አለበት፦ አይቀርም። ጂሜይል የደብዳቤውን ዕጣ የሚወስነው ላኪው በየትኛው ፕሮግራም እንደተጠቀመ አይቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ደብዳቤው በእርግጥ ከዶሜይኑ መምጣቱን የሚያሳዩ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም የተባሉ ማረጋገጫዎች እንዲኖሩት፣ የአይፒ አድራሻው ወደ ስም፣ ስሙም ወደዚያው አድራሻ እንዲመልስ ይጠይቃል፤ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩት፣ ማረጋገጫውን ያላለፈ ደብዳቤ ምን እንደሚደረግበት የሚገልጸው ዲማርክም ግዴታ ነው። እነዚህ የሚስተካከሉት በዲኤንኤስ እና በሰርቨር አከራዩ ገጽ ላይ ነው። በተሰረቀ የይለፍ ቃል ስፓም ሲበትን የነበረ የሠራተኛ አካውንት በኪውሜይል እንደበተነው በፖስትፊክስም ይበትናል።

«ኪውሜይል የሚቀየረው ለጠላፊ የተጋለጠ ስለሆነ ነው»

ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜይልን የጻፈው ደኅንነትን ዋና ግብ አድርጎ ነው፤ የእርሱ የመጨረሻ እትም 1.03 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ቪትሴ ቬኔማ ፖስትፊክስን አሳትሟል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2005 የተገለጸ አንድ ክፍተት በተግባር ሊበዘበዝ እንደሚችል ኳሊስ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ባለሙያዎች በ2020 አሳይተዋል። ሆኖም ፕሌስክ የሚያቀርበው እርማት የተጨመረበት ቅጂ ነው። ለእኔ አሳማኙ ምክንያት ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ኪውሜይል ካቆመ በኋላ የመጡት ነገሮች ሁሉ በተለጣፊ እርማት የገቡ ሲሆኑ፣ ፖስትፊክስ ግን እስከ ዛሬ በጸሐፊው እጅ እየታደሰ ነው፤ የምዝግብ ፋይሉም አንድን ደብዳቤ ከመግቢያው እስከ መውጫው በአንድ የወረፋ መለያ ለመከታተል ይመቻል።

«ሰርቨሩ ጀርመን ስለሆነ የጅማ መብራት መጥፋት አይመለከተውም»

ሰርቨሩን አይመለከተውም፤ ሥራውን የሚሠራውን ሰው ግን ይመለከተዋል። ሰርቨርን ከርቀት በትእዛዝ ለመቆጣጠር በሚያስችለው ኤስኤስኤች ገብቶ ተከላውን ያስጀመረ ሰው መብራት ሄዶ ራውተሩ ሲጠፋ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ በዚያ ተርሚናል ሲሄድ የነበረው ተከላም አብሮ ሊቆም ይችላል። የሚቆመው ደግሞ ኪውሜይል ተነቅሎ ፖስትፊክስ ገና ሳይዋቀር ሊሆን ይችላል። ሥራውን ቲሙክስ ወይም ስክሪን በሚባሉ ፕሮግራሞች ውስጥ ማስጀመር ይህን ያስቀራል፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ተከላው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል፣ መብራት ሲመለስም ካለበት ይገኛል። ተቋርጦ ከቀረም «ፕሌስክ ሪፔር ሜይል» የሚለው ትእዛዝ የመልእክት አድራሻዎቹን እና ቅንብሮቹን ከዳታቤዙ ላይ አንብቦ እንደገና ይጽፋቸዋል። በእጅ ተጽፈው የነበሩ የኪውሜይል ልዩ መመሪያዎች ግን ዳታቤዙ ውስጥ ስለሌሉ አይመለሱም፤ አስቀድሞ ገልብጦ መያዝ ያስፈልጋል።

«ሌሊት ማንም ስለማይጽፍ ሌሊት ይቀየር»

ለሆቴል ወይም ለኮሌጅ ልክ ሊሆን ይችላል። ለቡና ላኪ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ኒውዮርክ ያለው ገዢ ገና ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ የሚገኝበት ሰዓት ነው። እሑድ ማለዳ በአሜሪካም በአውሮፓም ቢሮዎች ዝግ ናቸው፤ ከሥራው በኋላም ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን እስኪከፍት ድረስ ከውጭ አድራሻ ደብዳቤ ልኮ ለመቀበል፣ መልሶ ለመላክ እና የምዝግብ ፋይሉን ለማንበብ በቂ ጊዜ ይተርፋል።