ሜዳው የክለቡ አይደለም፦ ስለ ክለቦቻችንና ስለ ስታዲየሞቻቸው የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ጊዮርጊስን የሚያህል ክለብ ሜዳውን ለምን አያድስም?» የእግር ኳስ ክለቦቻችን ታሪክ በተነሳ ቁጥር ይህ ጥያቄ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ ሜዳው የእሱ አይደለም። ማብራሪያው ግን ረዘም ስለሚል አስቀድመን ቀላል ቀላሎቹን እናራግፍ።

«ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሠረቱት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።» አይደሉም። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ክለቡን ያቋቋሙት አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ይድነቃቸው ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በተጫዋችነት ስማቸው የገነነው፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) በፕሬዚዳንትነት የመሩት በኋላ ነው።

«የመጀመሪያውን ሊግ የበላው ጊዮርጊስ ነው።» እ.ኤ.አ. በ1944 ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው። የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራትና የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስም ነበሩበት። ጊዮርጊስ እስከ 1950 ጠብቋል።

«ያስተናገድናቸው የአፍሪካ ዋንጫዎች በሙሉ አዲስ አበባ ላይ ተካሄዱ።» እ.ኤ.አ. የ1962ቱ ብቻ። በ1968 አሥመራ፣ በ1976 ደግሞ ድሬዳዋ ተጋርተዋል።

ዓመትን በሚመለከት፦ ጊዮርጊስ «በ1935» ተመሠረተ የሚለውና «በ1928» የሚለው አይጋጩም፤ አንዱ የፈረንጅ፣ ሌላው የእኛ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከፈረንጁ 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈበትን ዓመት አትቅዱ።

አሁን ወደ ሜዳው። የትልልቅ ክለቦቻችን ስታዲየሞች ባብዛኛው የከተማ አስተዳደር፣ የክልል ወይም የዩኒቨርሲቲ ንብረት ናቸው፤ ክለቡ ተጠቃሚ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ጊዮርጊስም፣ ቡናም፣ መከላከያም፣ መብራት ኃይልም «ባለሜዳ» ተብለው ተጫውተዋል። ካታንጋና ሚስማር ተራ የሚባሉትን የስታዲየሙን የተመልካች ሥፍራዎች ደጋፊ ሊከፋፈላቸው ይችላል፤ የባለቤትነት ካርታ ግን በጭብጨባ አይገኝም። ሣሩን ማደስ፣ መብራት መትከል፣ መልበሻ ክፍል መጠገን የባለቤቱ በጀትና ውሳኔ ነው።

የጋራ ሜዳ የሚበላሸውም በታወቀ መንገድ ነው። መጀመሪያ የግቡ አፍ፣ ቀጥሎ የመሐል ክቡና የመስመር ዳኛው መሮጫ ይላጣል። በተደጋጋሚ ጨዋታ የተረገጠ አፈር ይጠቀጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ወደ ታች አይሰርግም፣ ሥሩም አይተነፍስም። ከላይ አዲስ ሣር መትከል እዚህ ላይ ገንዘብ መጣል ነው። አፈሩ አስቀድሞ መበሳት፣ ቀዳዳው በአሸዋ መሞላት፣ ከዚያም ሜዳው ማረፍ አለበት። የሚከብደው ማሳረፉ ነው፤ ተጠቃሚው ብዙ ነውና።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል። ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በየተራ ሲካሄድ «ባለሜዳ» መባል የመርሐ ግብር ቃል ሆነ፤ ክለቡ ከከተማው መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ባለሜዳ ይባላል። ስለዚህ የአንድን ክለብ የሜዳ ውጤት ከ2013 በፊትና በኋላ ደምሮ «በሜዳው አይበገርም» ማለት ከንቱ ስሌት ነው። የክለብ ታሪክ የምትጽፉ አራት ነገሮችን ለየብቻ መዝግቡ፦ የስታዲየሙን ባለቤት፣ ክለቡ ያስመዘገበውን ሜዳ፣ የልምምድ ሜዳውንና ጨዋታው በተግባር የተደረገበትን ቦታ። አራቱ አንድ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ብርቅ ነው።

በመጨረሻ፣ «ካፍ በአገራችን ሜዳ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳናስተናግድ የከለከለን በሣሩ ነው» የሚለው። ሣር ከመመዘኛዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የመልበሻ ክፍሎች፣ የምሽት መብራት፣ የተመልካች ወንበር፣ የሕክምናና የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ሥፍራ ሁሉ ይታያሉ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ስታዲየም ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጨዋታ «በገለልተኛ ሜዳ» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። ማላዊ ቢደረግም በመዝገብ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ሠንጠረዡ ላይም ባለሜዳ ሆነን ካሸነፍናቸው ጋር ይግባ፤ የተደረገበት ቦታ ግን ለብቻው ይመዝገብ።